በባለቤቱ እጅ የሚከፈት በር፦ የአንጀት ባክቴሪያዎች ወደ እሪያ ሕዋስ ስለሚገቡበት መንገድ

በሲያትል ከተማ ደቡባዊ ክፍል በሚገኘው በኦቴሎ ሰፈር ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ሶማሌዎችና ቬትናማውያን ጎን ለጎን ይኖራሉ። ለአንዱ ጎረቤት እሪያ የዘወትር ምግብ ነው፤ ለሌላው እርም ነው። ከእኛም መካከል፣ ካደግንበት ሥርዓት የተነሣ፣ የዚህን እንስሳ ስም ማንሣት እንኳ የማይወደው ብዙ ነው። ይሁንና ሳይንስ ስለ ተቅማጥ በሽታ ካወቀው ነገር ከፊሉ የተገኘው ከእሪያ አንጀት ነው። የእንስሳው የምግብ መፍጫ አካል በአሠራሩ ለሰው የሚቀርብ በመሆኑ ተመራማሪዎች ሲመርጡት ኖረዋል። ተቅማጥ በአገራችን ስንቱን ቤት ልጅ አልባ እንዳስቀረ ደግሞ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻም።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ጠባብ ነው። ባክቴሪያ ከእርሱ በብዙ እጥፍ ወደሚበልጠው የአንጀት ሕዋስ የሚገባው እንዴት ነው? መልሱን አስቀድመን ለመናገር፣ በሩን ሰብሮ አይገባም፤ ሕዋሱ በገዛ መሣሪያው በሩን እንዲከፍትለት ያደርገዋል። ይህን መረዳት የሚጠቅመው ለዕውቀት ብቻ አይደለም፤ በሽታውን የት ላይ መግታት እንደሚቻልም ያመለክታል።

የአንጀት የውስጥ ግድግዳ በአንድ ረድፍ ብቻ በተደረደሩ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው። ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ምግቡን ከደሙ ይለያሉ፤ በላያቸውም ንፍጥ መሰል ፈሳሽ ይጋርዳቸዋል። እያንዳንዱ ሕዋስ ከሽፋኑ ሥር፣ እንደ ጭቃ ቤት ማገር፣ ቅርጹን የሚይዝለት የቀጫጭን ክሮች መረብ አለው። ክሮቹ አክቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። የቤት ማገር አንድ ጊዜ ከተመታ ባለበት ይቆያል፤ የአክቲን ማገር ግን በየደቂቃው ይፈርሳል፣ እንደገናም ይሠራል። ባክቴሪያዎች የሚጠቀሙት በዚህ ጠባይ ነው።

ወደ ውስጥ ለመግባት አስቀድሞ መጣበቅ ያስፈልጋል። የመጣበቅን ነገር ግልጽ አድርጎ ያሳየው ኬ 88 የሚባል ፀጉር መሰል መያዣ ያለው የኢሼሪሺያ ኮላይ ዓይነት ነው። ይህ ባክቴሪያ ወደ ሕዋስ አይገባም፤ ከውጭ ተጣብቆ መርዙን እየረጨ አዲስ የተወለዱ የእሪያ ግልገሎችን በተቅማጥ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ አንዳንድ እሪያዎች ባክቴሪያው የሚይዘው ነገር በአንጀታቸው ሕዋስ ላይ ሳይኖር ይወለዳሉ። ይህም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ ነው። መጨበጫ ያላገኘው ባክቴሪያ ከምግቡ ጋር ተጠርጎ ያልፋል፤ ግልገሉም ይተርፋል።

ከኦቴሎ ጣቢያ በባቡር በቀጥታ የሚደረስበት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በዚህ የዕውቀት ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። ስታንሊ ፋልኮው ከ1972 እስከ 1981 በዚያ ሲሠሩ፣ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው የተቅማጥ መርዝ የሚያሠራውን ጂን ከእሪያ ከተገኘ ኢሼሪሺያ ኮላይ ለይተው አወጡ። ሥራው በ1978 ታትሟል። ፋልኮው ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከተዛወሩ በኋላ በ1985 ከራልፍ አይስበርግ ጋር ሌላ ሙከራ አደረጉ። የርሲኒያ ከሚባለው የባክቴሪያ ወገን አንድ ጂን ብቻ ወስደው፣ ጉዳት ወደማያደርስና ወደ ሕዋስ ሊገባ ወደማይችል የቤተ ሙከራ ኢሼሪሺያ ኮላይ አዛወሩት፤ ባክቴሪያውም መግባት ጀመረ። ጂኑ የሚያሠራው ፕሮቲን ኢንቬዚን ተብሎ ተሰየመ። ይህ ፕሮቲን ሕዋሱ ከአካባቢው ጋር የሚያያዝበትን ኢንቴግሪን የተባለ ፕሮቲን አጥብቆ ይይዛል፤ ሕዋሱም ሽፋኑን እንደ ጋቢ እያጠቀለለ እንግዳውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

ሰውንም እሪያንም የሚያጠቃው ሳልሞኔላ ታይፊሙሪየም የሚሄድበት መንገድ ሌላ ነው። በላዩ ላይ መርፌ መሰል መሣሪያ አለው፤ በዚህም የራሱን ፕሮቲኖች ወደ ሕዋሱ ይወጋል። የተወጉት ፕሮቲኖች የአክቲንን ሥራ የሚያዝዙትን የሕዋሱን መልእክተኞች ይቀሰቅሳሉ። ወዲያው የሕዋሱ ሽፋን እንደ ማዕበል ተነሥቶ ባክቴሪያውን ይውጠዋል። ይበልጥ የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። በ1999 እንደ ታወቀው፣ ከተወጉት ፕሮቲኖች አንዱ የተቀሰቀሱትን መልእክተኞች መልሶ ያረጋጋል፤ ማዕበሉ ይተኛል፣ ሽፋኑም ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። እንግዳው ከገባ በኋላ በሩን ዘጋ ማለት ነው።

የእሪያ ልዩ ጠላት ሆኖ የቆየው ግን ላውሶኒያ ኢንትራሴሉላሪስ ነው። የሚያስከትለው በሽታ በአሜሪካ በአይዋ ግዛት በ1931 ተገልጾ ነበር፤ የታመመው አንጀት በመወፈሩ ዕጢ ያወጣ ይመስላል። በ1973 በስኮትላንድ በኤድንበራ ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች በወፈረው አንጀት ሕዋሳት ውስጥ ባክቴሪያዎችን አዩ። ነገር ግን ይህ ተሕዋስ ከሕያው ሕዋስ ውጭ አይባዛምና ለይቶ ለማርባት ሃያ ዓመት ፈጀ። በ1993 ኦክሲጅን በቀነሰበት አየር፣ ከአይጥ አንጀት በተወሰዱ ሕዋሳት ውስጥ ማርባት ተቻለ። በ1995 በኤድንበራው ተመራማሪ በጎርደን ላውሰን ስም ተሰየመ።

በዚያው ዓመት የታተመ ሙከራ የጽሑፋችንን ፍሬ ነገር ያሳያል። የአክቲንን መገንባት በሚያግድ መድኃኒት ሕዋሳቱ ሲያዙ የሚገባው ባክቴሪያ ቁጥር ቀነሰ። በአንጻሩ በፎርማሊን የተገደለው ላውሶኒያ ወደ ሕዋስ ገባ። የሞተ ባክቴሪያ በር ሊሰብር አይችልም፤ ያስገባው ሕዋሱ ነው። ሕያው ሆኖ የገባው ላውሶኒያ ደግሞ ከታሰረበት ከረጢት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አምልጦ በሕዋሱ ውስጥ በነጻ ይባዛል። ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈል ባክቴሪያው ለሁለቱም ይዳረሳል። ሕዋሳቱም ሳይጎለምሱ ይበዛሉ፤ አንጀቱ ይወፍራል፣ እንስሳው የበላው አይጠቅመውም።

ከሕዋስ ውስጥ የገባን ባክቴሪያ ማሳደድ ቀላል አይደለም። ጄንታማይሲን የተባለው መድኃኒት ከውጭ ያለውን ባክቴሪያ ሲገድል ወደ ሕዋስ ውስጥ ዘልቆ መሥራት ይሳነዋል። ተመራማሪዎች ስንት ባክቴሪያ እንደ ገባ የሚቆጥሩትም በዚሁ ድክመት ነው፤ ከመድኃኒቱ በኋላ የተረፈው የገባው ነው። ውጭ የቀረው ባክቴሪያ እንኳ ሁልጊዜ በመድኃኒት አይመለስም። በ1993 በዋሽንግተንና በሌሎች ግዛቶች በሚገባ ያልበሰለ የተፈጨ ሥጋ የበሉ ከ700 በላይ ሰዎች ኢሼሪሺያ ኮላይ ኦ 157 በተባለው ታመው፣ አራት ሕፃናት ሞተዋል። ይህ ባክቴሪያ ከሕዋሱ ውጭ ይቀራል፤ ነገር ግን የሚጨብጠውን መያዣ ራሱ በመርፌው ወደ ሕዋሱ ይልካል። በ2000 የሲያትል ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ በዚህ ባክቴሪያ የታመሙ ሕፃናት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲሰጣቸው ኩላሊታቸው የመጎዳቱ አደጋ እንደሚጨምር አመልክቷል።

እንግዲህ የተሻለው ጥበቃ ከበሩ በፊት ያለው ነው። በ1973 በእንግሊዝ አገር እርጉዝ እሪያዎች በኬ 88 ተከትበው፣ ግልገሎቻቸው ከእናታቸው ወተት ባገኙት መከላከያ ከሞት ዳኑ፤ ወተቱ የባክቴሪያውን እጅ ሕዋሱን ሳይጨብጥ ያዘው። ለላውሶኒያም በአፍ የሚሰጥ ክትባት በ2001 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ለእኛም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ2007 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ቄራ በታረዱ፣ ሲታዩ ጤነኛ በነበሩ እሪያዎች ውስጥ ሳልሞኔላ መገኘቱን ገልጿል። እሪያ የማይበላም ቢሆን ውኃውን፣ ቢላዋውንና ገበያውን ከሌላው ጋር ይጋራል። የእናት ጡት፣ ንጹሕ ውኃ፣ የታጠበ እጅና በሚገባ የበሰለ ሥጋ ተራ ምክር ይመስላሉ፤ ሆኖም በሩን ባለቤቱ ራሱ እንደሚከፍት ላወቀ ሰው፣ ሌባውን ከደጅ የሚመልሱት እነዚህ ናቸው። በስደት ያለን ምሁራንም ይህን ዕውቀት በአገራችን ቋንቋ የማስረዳት ዕዳ አለብን፤ እንስሳውን ብንጸየፍም ከእርሱ የተገኘውን ትምህርት ልንጸየፍ አይገባንም።