የቆየ ኮምፒዩተር ሲነሣ ስለሚያሳያቸው የስሕተት መልእክቶች

የኮምፒዩተር ማስነሻ ቁልፍ ተጭኖ፣ በተለመደው የዊንዶውስ ገጽ ፈንታ በጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ቢቆም፣ ተጠቃሚው ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱን ያደርጋል። ወይም ጽሑፉን ሳያነብ እጁ ያገኘውን ቁልፍ ይጫናል፤ ወይም መሣሪያውን ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል። በዚያም ቶሎ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ዲስኩን ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ነው። ይህ መድኃኒት መሣሪያውን ሊያስነሣው ይችል ይሆናል። ነገር ግን በዲስኩ ላይ የነበረው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የተማሪዎች ውጤት ወይም የማኅበር መዝገብ አብሮ ይጠፋል። የጠፋውም ነገር ምክንያቱ ሲመረመር አንዲት የሳንቲም መጠን ያላት ባትሪ ሆና የምትገኝበት ጊዜ አለ።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ የስሕተት መልእክት ራሱ በሽታው አለመሆኑን፣ ይልቁንም ሥራው ከምን ደረጃ ላይ እንደቆመ የሚጠቁም ምልክት መሆኑን ማስረዳት ነው። ደረጃውን ያወቀ ሰው ምን መመርመር እንዳለበት ያውቃል፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ምን መንካት እንደሌለበት ያውቃል።

ጉዳዩ በተለይ በእኛ አካባቢ ሊጠና የሚገባው ነው። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከዚያ አልፈው ይገኛሉ። በበከኒሳ ቀሴም ሆነ በሻምቡ፣ በመኖሪያ ቤትና በጽሕፈት ቤት፣ በትምህርት ቤት ላቦራቶሪም ሳይቀር፣ ብዙ ዓመት ያገለገለ ኮምፒዩተር ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። መልእክቱን በኢንተርኔት ፈልጎ ትርጉሙን ማግኘት ይቻላል ቢባልም፣ ኢንተርኔት ሁልጊዜ አይገኝም። በ2012 ዓ. ም. በወለጋ ብዙ ክፍሎች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጠው እንደነበር ይታወሳል። ስለዚህ ጥቂት የሆነውን መሠረታዊ ዕውቀት አስቀድሞ በእጅ መያዝ ይበጃል።

ሀ. መሣሪያው ሲነሣ ምን ይሠራል?

ኮምፒዩተር በተነሣበት ቅጽበት ዊንዶውስ የሚባለውን ነገር ከቶ አያውቀውም። መጀመሪያ የሚሠራው በማዘርቦርዱ ላይ በአንዲት ቺፕ ውስጥ ተጽፎ የሚኖር፣ ባዮስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ይህም ፕሮግራም ሌላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አካላቱን በየተራ ይመረምራል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1981 የወጣው የአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተር ይህን ምርመራ ያደርግ ነበር፤ ከእርሱ ዘር የመጡት ሁሉ እስከ ዛሬ ያደርጉታል።

የምርመራው ተራ በአጭሩ ሲነገር እንደሚከተለው ነው። ኤሌክትሪክ ይደርሳል፤ ፕሮሰሰሩ ይነሣል፤ ራም የሚባለው ጊዜያዊ ማኅደር ይፈተሻል፤ ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ይነሣል፤ ኪቦርዱ ይጠየቃል፤ ዲስኮቹ ይቈጠራሉ። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ባዮስ ከዲስኩ መጀመሪያ ላይ የመነሻውን ፕሮግራም አንብቦ ሥራውን ለዚያ ያስረክባል። ዊንዶውስ የሚመጣው ከዚህ ርክክብ በኋላ ነው። እንግዲህ አንድ መልእክት ከርክክቡ በፊት ከታየ፣ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ብዙ ጊዜ ለዚያ ችግር መፍትሔ አይሆንም።

ለ. የመልእክቶቹ ዐይነት

አንደኛ፣ ያለ ጽሑፍ የሚሰማ ድምፅ አለ። ስክሪኑ ገና ሳይነሣ ጉድለት ከተገኘ፣ መሣሪያው መጻፍ ስለማይችል በጩኸት ይናገራል። የጩኸቱ ቁጥር እንደ ባዮሱ ሠሪ ይለያያል። ለምሳሌ አዋርድ በሚባለው ባዮስ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ድምፅ የስክሪኑን ካርድ ጉድለት ሲያመለክት፣ ኤ ኤም አይ በሚባለው ግን ስምንት አጭር ድምፅ ወደዚሁ ክፍል ይጠቁማል። የራም ጉድለት ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚበጀው ሥራ ቀላል ነው። መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎ ራሙ ይወጣል፤ ወርቃማው ጠርዙ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ተብሎ ይጠረጋል፤ ፍርፋሪው ተራግፎ ራሙ ወደ ቦታው እስኪገባ ድረስ ይጫናል። በአቧራና በእርጥበት የተሸፈነ ጠርዝ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለማያስተላልፍ፣ ደኅናው ራም እንደ ተበላሸ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ማሳሰቢያ የሆኑ መልእክቶች አሉ። «ኪቦርድ ኤረር» የሚለው ኪቦርዱ አልተገኘም ማለት ሲሆን፣ ቀጥሎ «ለመቀጠል ኤፍ 1 ተጫን» የሚል ትእዛዝ አብሮት ስለሚወጣ ብዙ ሰው ያስቃል። ይሁን እንጂ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ገመዱን ነቅለህ በሌላ ቀዳዳ ሰክተህ ሞክር ማለት ነው። «ሲፒዩ ፋን ኤረር» የሚለው ግን ቀለል ተደርጎ ሊታለፍ አይገባም። ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ቆሟል ወይም በአቧራ ታፍኗል ማለት ስለሆነ፣ ሳይታይ ቢቀጠል መሣሪያው በሙቀት ይጎዳል።

ሦስተኛ፣ «አልተገኘም» የሚሉ መልእክቶች አሉ። «ኖን ሲስተም ዲስክ» ወይም «ኦፕሬቲንግ ሲስተም ኖት ፋውንድ» ሲል፣ ባዮስ ያነበበው ዲስክ የመነሻ ፕሮግራም የለበትም ማለት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው፣ በመሣሪያው ላይ ተረስቶ የቀረ ፍላሽ ወይም ሲዲ መኖሩ ነው። እርሱ ተነቅሎ መሣሪያው እንደገና ሲነሣ ነገሩ ብዙ ጊዜ ያበቃል። «ኤን ቲ ኤል ዲ አር ኢዝ ሚሲንግ» የሚለው በዊንዶውስ ኤክስ ፒ ዘመን፣ «ቡት ኤም ጂ አር ኢዝ ሚሲንግ» የሚለው ደግሞ ከቪስታ ወዲህ የመጣ ሲሆን፣ ሁለቱም ዲስኩ መገኘቱን፣ ዊንዶውስን የሚጠራው ፋይል ግን መታጣቱን ይናገራሉ። ይህም ቢሆን በዊንዶውስ ማስጫኛ ዲስክ ላይ ባለው የጥገና ክፍል ሊስተካከል ስለሚችል፣ ወዲያው ወደ ፎርማት የሚያደርስ አይደለም።

አራተኛ፣ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ አለ። «ስማርት ስታተስ ባድ» የሚለው መልእክት ዲስኩ ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው፤ ልሞት ነውና ያለህን ገልብጥ ማለት ነው። መሣሪያው ኤፍ 1 ሲጫኑት ደኅና መስሎ ስለሚነሣ፣ ሰው ይህን መልእክት ለሳምንታት እያለፈ ሊሠራ ይችላል። ይህ ልማድ እጅግ አደገኛ ነው። መልእክቱ በታየበት ቀን ፋይሎቹ ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ሊገለበጡ ይገባል።

ሐ. የሰዓት ባትሪ

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1984 ከወጣው የአይ ቢ ኤም ኤ ቲ ኮምፒዩተር ጀምሮ፣ ማዘርቦርዱ ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫዎች ኤሌክትሪክ በሌለበት ጊዜ እንኳ የሚጠብቅበት ሲሞስ የሚባል ትንሽ ማኅደርና ባትሪ አለው። ዛሬ የተለመደችው ባትሪ «ሲአር 2032» ትባላለች። ቁጥሩ መጠኗን ይናገራል፤ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ኃይሏ 3 ቮልት ነው።

ባትሪዋ ስትደክም «ሲሞስ ቼክሰም ኤረር» ወይም «ዴት ኤንድ ታይም ኖት ሴት» የሚል መልእክት ይወጣል፤ ሰዓቱም መሣሪያው ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። መሣሪያው በሶኬት ላይ ሳለና ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ፣ ቢጠፋም እንኳ፣ ሰዓቱ የሚሠራው ከግድግዳው በሚመጣው ኃይል ስለሆነ ባትሪዋ አትደክምም። የምትደክመው ሶኬቱ ሲነቀል ወይም መብራት ሲጠፋ ነው። የወለጋ ክረምት ረጅምና ነጐድጓዳማ ነው፤ መብረቅን ፈርቶ ሶኬት መንቀልም ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ተነቅሎ የቆየ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ በተከፈተ ቀን፣ ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች ባንድ ጊዜ ያንኑ መልእክት ቢያሳዩ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። ሁሉም ባንድ ላይ ተበላሹ ማለት ሳይሆን፣ ባንድ ዘመን የተገዙት ባትሪዎች ባንድ ክረምት ደከሙ ማለት ነው።

መ. ሰዓቱና የዘመን አቆጣጠራችን

ባትሪዋ ከተለወጠች በኋላ ሰዓቱንና ቀኑን መሙላት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ በአገራችን የሚደርስ ስሕተት አለ። ባዮስ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። መስከረም 2017 ዓ. ም. በእርሱ ዘንድ መስከረም 2024 ነው። በልማድ 2017 ብሎ የሞላ ሰው መሣሪያውን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ መልሶታል ማለት ነው፤ ከጥር ወዲህ ከሆነም ልዩነቱ ስምንት ዓመት ይሆናል። እንዲሁም ከጧቱ 3 ሰዓት በባዮስ አቆጣጠር 9 ሰዓት ስለሆነ፣ 3 ብሎ መሙላት ስድስት ሰዓት ያጐድላል።

ይህ ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። ምስጢራቸው የተጠበቀ የኢንተርኔት ገጾች ሁሉ የሚጀምሩበትና የሚያበቁበት ቀን የተጻፈበት የምስክር ወረቀት አላቸው። የመሣሪያው ሰዓት ከዚያ ክልል ውጭ ሲሆን፣ ገጹ አስተማማኝ አይደለም ተብሎ ይዘጋል። ተጠቃሚውም ኢንተርኔቱን ወይም ቫይረስን ይከሳል። ደግሞም ትናንት የተጻፈው የምርምር ጽሑፍ የ2002 ቀን ስለሚታተምበት፣ በተራ ሲደረደር ከአሮጌዎቹ በታች ይወርዳል፤ ጸሓፊውም የቆየውን አዲስ መስሎት በአዲሱ ላይ ሊገለብጥበት ይችላል።

ሠ. ባትሪዋ የዲስክ በሽታ ስትመስል

ከሁሉ የሚያሳስተው ይህ ነው። ባትሪዋ ስትሞት የሚጠፋው ሰዓት ብቻ አይደለም፤ የባዮሱ ምርጫዎችም ወደ ፋብሪካው ልማድ ይመለሳሉ። ከነዚህም አንዱ በመጀመሪያ የትኛው ዲስክ ይነበብ የሚለው ተራ ነው። ተራው ሲለወጥ፣ ደኅና ዲስክ ያለው መሣሪያ «ኦፕሬቲንግ ሲስተም ኖት ፋውንድ» ይላል። ሁለተኛው ዲስኩ የሚነበብበት መንገድ ነው፤ ይኸውም በባዮሱ ውስጥ «አይ ዲ ኢ» ወይም «ኤ ኤች ሲ አይ» ተብሎ የተጻፈው ነው። ዊንዶውስ በአንደኛው መንገድ ተጭኖ ሳለ ባዮሱ ወደ ሁለተኛው ቢመለስ፣ ዊንዶውስ መነሣት ጀምሮ በሰማያዊ ገጽ ላይ፣ መጨረሻው 7ቢ በሆነ ቁጥር ይቆማል።

ይህን ያየ ሰው ዲስኩ ወይም ዊንዶውስ ተበላሸ ብሎ ቢፈርድ አይደንቅም። ፎርማት ቢደረግም መሣሪያው በአዲሱ መንገድ ስለሚጫን ይነሣል፤ ስለዚህም ፍርዱ ትክክል የነበረ ይመስላል። ነገር ግን ዲስኩም ዊንዶውስም ጤነኞች ነበሩ። ወደ ባዮሱ ገብቶ አንዲት መስመር መለወጥ ይበቃ ነበር፤ ፋይሎቹም አይጠፉም ነበር።

ረ. የምርመራው ተራ

ከዚህ በላይ ከተነገረው የሚከተለው ሥርዐት ይወጣል።

1ኛ፤ ምንም ቁልፍ ሳይጫኑ መልእክቱን ቃል በቃል መጻፍ ወይም በስልክ ፎቶ ማንሣት። «ስሕተት አለ ይላል» ብሎ ለባለሙያ መንገር፣ «ያመኛል» ብሎ ለሐኪም ቦታውን አለማሳየት ነው።

2ኛ፤ ፍላሽና ሲዲ ሁሉ ነቅሎ እንደገና ማስነሣት።

3ኛ፤ ሰዓቱንና ዘመኑን ማየት። ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ መጀመሪያ የምትጠረጠረው ባትሪዋ ናት።

4ኛ፤ ሲነሣ «ዲሊት» ወይም «ኤፍ 2» ተጭኖ ወደ ባዮስ መግባትና ዲስኩ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ማየት። ስሙ ከታየ ተራውንና የሚነበብበትን መንገድ መመርመር፤ ካልታየ ደግሞ መሣሪያውን ከሶኬት ነቅሎ የዲስኩን ገመዶች ማጥበቅ። ማንኛውንም ምርጫ ከመለወጥ በፊት የነበረውን ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል።

5ኛ፤ ባትሪ ወይም ራም ሲነካ ሶኬቱን መንቀል፣ ከዚያም የማስነሻውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ መያዝ፣ እጅንም የመሣሪያውን ብረት አካል አስነክቶ ከውስጡ ማስገባት። ኃይል የሚያከፋፍለው ሣጥን ራሱ ግን ከተነቀለም በኋላ አደገኛ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ ፈጽሞ መከፈት የለበትም።

6ኛ፤ ይህ ሁሉ ካልረዳ፣ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በመሰካት ፋይሎቹን መገልበጥ። ወደ ጥገና ቤት የሚሄድ ሰውም «ፋይሎቼ ሳይገለበጡ ፎርማት እንዳይደረግ» ብሎ አስቀድሞ መናገር መብቱ ነው።

በዚህ ተራ ወጪ የሌለው ሥራ ወጪ ካለበት፣ የሚመለሰውም ከማይመለሰው ይቀድማል። ባትሪ የለወጠ ሰው ቢሳሳት ያጣው የባትሪዋን ዋጋ ነው፤ ፎርማት ያደረገ ሰው ቢሳሳት ግን የዓመት ሥራውን ሊያጣ ይችላል። ላቦራቶሪ ያላቸው ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከመስከረም በፊት ባትሪዎቹን ቢያስመረምሩ፣ የእያንዳንዱንም መሣሪያ የባዮስ ምርጫ በወረቀት ጽፈው በጀርባው ቢለጥፉ፣ ከዚህ ችግር አብዛኛውን ሳይደርስ ይከላከላሉ።