«ክርክር» በገበያ፤ ዋጋ የመከራከር ትርጓሜና አገባብ

«ክርክር» የሚለው ቃል ሲነሣ የዛሬው አንባቢ ሐሳብ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ችሎት ወይም ወደ አደባባይ መድረክ ነው። በ1997 ዓ.ም. የምርጫ ተፎካካሪዎች ያደረጓቸው ሙግቶች በቴሌቪዥን ከተላለፉ ወዲህ ደግሞ «የምርጫ ክርክር» የሚለው ሐረግ በሰው ሁሉ አፍ ገብቷል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከቀድሞ ጀምሮ ሌላ ቤት አለው፤ ይኸውም ገበያ ነው። ገዥና ሻጭ የተራራቀ ዋጋቸውን ለማቀራረብ የሚያደርጉት ምልልስ «የዋጋ ክርክር»፣ ድርጊቱም «ዋጋ መከራከር» ይባላል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን በትርጉም ሥራዎች ውስጥ ይህ ቃል ቦታውን ለ«ድርድር» እየለቀቀ መምጣቱ ነው። አንዲት እናት ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ «ከሻጩ ጋር የዋጋ ድርድር አካሄደች» ተብሎ ሲጻፍ ስሕተቱ የሰዋስው አይደለም፤ ነገር ግን አንባቢው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው የሽንኩርት መደብ ሳይሆን የልዑካን ጠረጴዛ ነው። «ተከራክራ ገዛች» ቢባል ግን ነገሩ በሁለት ቃል ያልቃል።

ሁለቱ ግሶች በቅርጻቸው ወንድማማች ናቸው። «ከረከረ» እና «ደረደረ» የመጀመሪያ ሁለት ፊደሎቻቸው የሚደገሙ ባለ አራት ፊደል ግሶች ሲሆኑ፣ «ተ» ተጨምሮ ሁለተኛው ፊደል ወደ ራብዕ ሲለወጥ «ተከራከረ» እና «ተደራደረ» የሚሉትን የመደራረግ ግሶች ይሰጣሉ። «ከረከረ» ዱልዱም ቢላ ሥጋን፣ ገመድም እንጨትን እየተመላለሰ ሲፈትግ የሚባል ነው፤ «ደረደረ» ግን ዕቃን በመልክ በመልኩ ማስቀመጥ ነው፤ በገናም ይደረደራል። የመልክ መመሳሰል ብቻውን የዘር ማስረጃ ባይሆንም፣ ተናጋሪው በአንዱ መፈታተግን፣ በሌላው ነገርን በተራ ማቅረብን የሚሰማው በከንቱ አይመስለንም።

ልዩነቱን ይበልጥ የሚያሳየው ግን አገባባቸው ነው። «ዋጋ ተከራከረኝ» ማለት የተለመደ ነው፤ «ተደራደረኝ» ግን ለጆሮ ይከብዳል፤ «ከእኔ ጋር ተደራደረ» ማለትን ይፈልጋልና። ክርክር ፊት ለፊት በሚገኝ ሰው ላይ የሚያርፍ ድርጊት ሲሆን፣ ድርድር በሁለት ወገኖች መካከል የሚዘረጋ ነው። ድርድር ቅድመ ሁኔታ፣ አጀንዳ፣ ተወካይ ይኖረዋል፤ የክርክር ርእስ ግን አንድ ዋጋ ብቻ ነው። ስለዚህ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለሠራተኞች «የመደራደር» መብት መስጠቱ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም «የኅብረት ድርድር» ማለቱ ተገቢ ነው። በዚያ ቦታ «ክርክር» ቢገባ ሠራተኛና አሠሪ ችሎት የቆሙ ይመስላል፤ «ተከራካሪ ወገኖች» በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቋንቋ ባለጉዳዮች ናቸውና። ቤት ወይም በሬ ሲሸጥ ሁለቱም ቃላት ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ ሽማግሌና ደላላ ከገቡበት፣ የክፍያው ጊዜም ከተነሣ፣ እኛ «ድርድር»ን እንመርጣለን።

ተርጓሚን ከዋናው ቃል ይልቅ የሚያሰናክሉት በዙሪያው ያሉት ቃላት ናቸው፤ ሁሉም ከገበያ ውጭ ሌላ ኑሮ አላቸውና። ሻጭ ዋጋ «ይጠራል»፤ ገዥ «ይሰጣል»። «መቶ ብር ሰጠሁት፤ እንቢ አለኝ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከኪስ የወጣ ገንዘብን አያመለክትም፤ የቀረበ ዋጋን እንጂ። ይህን «ከፈልሁት» ብሎ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ ሰው ታሪኩን ሁሉ ያበላሸዋል። «አስተያየት አድርግልኝ» የሚል ገዥም የሻጩን ሐሳብ መስማት አልፈለገም፤ ቀንስልኝ ማለቱ ነው። ከተስማሙ በኋላ በሚዛኑ ላይ ጭብጥ ታክሎ የሚሰጠው «ምርቃት» ከቡራኬ ጋር ስሙን ይጋራል፤ እንዲያውም «መርቂልኝ» የምትል ሴት ምን እንደፈለገች ከገበያው ሳይወጡ መረዳት አይቻልም። «ቁርጥ ዋጋ» ደግሞ ክርክርን ከመነሻው የሚዘጋ ነው።

መዝገበ ቃላት ለሚያዘጋጁ ባልደረቦቻችን አንድ ነገር እናሳስባለን። የገበያው ፍች በሁሉም እርባታ ላይ እኩል አይዘልቅም። «ተከራክሮ ገዛ»፣ «ሳይከራከር ከፈለ»፣ «ተከራከረልኝ» በሚሉት ውስጥ በሕይወት አለ፤ የመጨረሻው በችሎት ጥብቅናን፣ በገበያ ደግሞ ዋጋ የማያውቀውን ወዳጅ መርዳትን ይናገራል። «አከራከረ» እና «አከራካሪ» ግን ይህን ፍች ጥለዋል፤ «አከራካሪ ዋጋ» ቢባል የምንረዳው ሰዎች በትክክለኛነቱ ያልተስማሙበትን ዋጋ ነው። ስለዚህ በግሱ ሥር የገበያው ፍች ራሱን ችሎ፣ በራሱ ምሳሌ ቢቀመጥ እንጂ በ«ተሟገተ» ጥላ ሥር ባይውል ይሻላል።

«ጨረታ» ከዚህ ጋር ሊደባለቅ አይገባውም። በጨረታ የሚፎካከሩት ገዥዎች እርስ በርሳቸው ነው፤ በክርክር ግን ገዥና ሻጭ ናቸው። ለአንዳንድ የዋጋ አነጋገር ደግሞ ሦስቱም ቃላት አይስማሙም። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል፣ በሶማሌ የግመልና የከብት ገበያዎች፣ ደላሎች እጃቸውን በጨርቅ ሥር ሸፍነው ዋጋውን በጣት ምልክት የሚለዋወጡበት ልማድ አለ። ቃል ያልተሰማበትን ነገር ክርክር ማለት ያስቸግራል፤ እንዲህ ያለውን ቦታ የሚተረጉም ሰው «በጣት ዋጋ ተነጋገሩ» ብሎ ድርጊቱን ራሱን ቢገልጽ መልካም ነው።