ከታላቁ ወንድም በፊት አፈርሳታ ነበረ

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ከተማ ሁሉ፣ ማንበብ ከሚወዱ ተማሪዎች አፍ የማይጠፉ ሁለት አስተያየቶች አሉ። አንደኛው «የድሮ መጽሐፍ ይሰለቻል» የሚል ነው። ሁለተኛው የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ወይም የሱዛን ኮሊንስን «የረሃብ ጨዋታዎች» በስልኩ አንብቦ የጨረሰ ልጅ የሚደመድመው ነው፦ «እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ የለም»። ትልልቆቹ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። የመጀመሪያውን ድፍረት፣ ሁለተኛውን የፈረንጅ አምልኮ ይሉታል። እኔ ግን ሁለቱም መልስ እንጂ ቁጣ አይገባቸውም ባይ ነኝ። አስተያየት ያለው ሰው ቢያንስ አንብቧል፤ በዚህ ዘመን ይህ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም ልጆቹ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ያልያዙት ግማሽ ነው የሚገርመው። በእኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ነባሩ ድርሰትና አስፈሪውን ሥርዓት የሚስለው ድርሰት በተለያየ መደርደሪያ ላይ አልተቀመጡም። ወጣቱ የሚፈልገው መጽሐፍ ያለው ይሰለቻል ካለው መደርደሪያ ላይ ነው፤ እንዲያውም አንዱ የተጻፈው በጉራጌ ልጅ ስለ ጉራጌ መንደር ነው።

ዲስቶፒያ የሚባለው የልብ ወለድ ዘርፍ ለሰው ልጅ ይበጃል ተብሎ የተዘረጋ ሥርዓት ሰውን እንዴት እንደሚውጠው የሚያሳይ ነው። የሩሲያው የቭጌኒ ዛምያቲን «እኛ» አገሩ ውስጥ መታተም ተከልክሎ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1924 በእንግሊዝኛ ትርጉም ኒው ዮርክ ነው። ሰዎቹ ስም የላቸውም፣ በቁጥር ይጠራሉ፤ የሚኖሩትም ግድግዳው መስታወት በሆነ ቤት ውስጥ ነው። አልደስ ሃክስሌ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፉ ሰው በጠርሙስ ውስጥ ተጸንሶ ያድጋል፣ ሲከፋው ክኒን ይውጣል። ኦርዌል በ1949 ሁሉን የሚያየውን «ታላቅ ወንድም» አመጣ። ሬይ ብራድበሪ ደግሞ በ1953 እሳት አደጋ ሠራተኞችን መጽሐፍ አቃጣይ አደረጋቸው። አጥንታቸው አንድ ነው፤ ሁሉም እሺ ባለበት አገር አንድ ሰው «ለምን?» ይላል። ወጣቱ ይህን የሚወደው ፋሽን ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። በደወል ገብቶ በደወል የሚወጣ፣ የደንብ ልብስ የሚለብስ፣ የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ እንኳ በምደባ የሚደርሰው ልጅ፣ ሕግ የሚባለውን ነገር አንድ ሰው ተቀምጦ እንዳወጣው የሚገነዘበው በዚሁ ዕድሜው ነው። «ማን አወጣው? ብጥሰውስ?» የሚለውን ጥያቄ ከነዚህ መጻሕፍት የበለጠ ፊት ለፊት የሚያነሣለት የለም።

እንግዲህ ወደ ጉራጌው መጽሐፍ እንምጣ። ሳህለሥላሴ ብርሃነማርያም በጉራጌ ምድር ተወልደው ሎስ አንጀለስ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ዘልቀው የተማሩ ደራሲ ናቸው። የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አልጻፉትም፤ በቸሃ ጉራግኛ ጻፉት። የሴም ቋንቋዎች ሊቁ ዎልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሰውና እ.ኤ.አ. በ1964 «የሺነጋ መንደር» በሚል ርእስ ለዓለም አንባቢ ደረሰ። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ የጻፉት «አፈርሳታ» ለንደን ላይ በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ ወጣ፤ ቺኑዋ አቼቤ በታተመበት ተከታታይ መሆኑ ነው። ታሪኩ የሚነሣው ከአንድ ጎጆ ቃጠሎ ነው። ያቃጠለው አይታወቅም። የአካባቢው ሰው ለአፈርሳታ ይጠራል።

አፈርሳታ፣ ሌላ ቦታ አውጫጭኝ የሚባለው፣ ፖሊስና መርማሪ በማይደርስበት ዘመን ወንጀለኛ የሚታደንበት ስብሰባ ነው። ሰዉ ሜዳ ላይ ይወጣል። «አዝመራ አለብኝ፣ ከብት ጠፍቶብኛል» ብሎ መቅረት ያስቀጣል። እያንዳንዱ ተራ በተራ ተነሥቶ እንዳላደረገ፣ እንዳላየና እንዳልሰማ ይምላል። ያየ ካለ በስውር ይጠቁማል፤ በአማራው አውጫጭኝ ይህ ስሙ የማይወጣ ጠቋሚ «ወፍ» ይባላል። ወንጀለኛው ካልተገኘ ስብሰባው ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ጨርሶ ከጠፋ ጉዳቱን አገሩ ተዋጥቶ ይከፍላል፤ ንጹሑም በደለኛውም እኩል ያወጣል። «1984»ን ያነበበ የወልቂጤ ተማሪ ይህን ሲያነብ የሚያውቀውን ነገር ማየቱ አይቀርም። ያልተፈቀደ መቅረት አለ፣ በግዴታ የሚፈጸም መሐላ አለ፣ የማይታወቅ ጠቋሚ አለ፣ ያላደረጉትን መክፈል አለ። ልዩነቱ ይህ የአያቱ መንደር መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ «አባቶቻችን በፍትሕ የኖሩበትን ባህል ከኦርዌል ቅዠት ጋር ታነጻጽራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በአብዛኛውም ትክክል ነው። ጉራጌ የጆካ ቂጫን የመሰለ የሸንጎ ሕግ ያቆመ፣ ደም እንኳ በሽምግልና የሚያደርቅ ሕዝብ ነው። ሰውን መከታተልና መመዝገብም በራሱ ክፋት አይደለም። ቡታጅራ ራሷ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ቤት እንደቀየረ በየቤቱ እየተዞረ ይመዘገብ ነበር። ለጤና ምርምር ነው፤ የቡታጅራን ስም በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ላይ ያስጠራውም ይኸው መዝገብ ነው። ማንም ዲስቶፒያ ብሎት አያውቅም። ስለዚህ የዲስቶፒያ መለያው መታየት ወይም አለመታየት ሊሆን አይችልም። መለያው ተመልካቹን መልሶ ማየት መቻል ነው። በአፈርሳታ የሚጠይቀውና የሚጠየቀው አንድ ሣር ላይ ይቀመጣሉ፤ ዛሬ የሚያስምለው ሰው ነገ ራሱ ይምላል። የኦርዌሉ ዊንስተን ስሚዝ ግን ታላቁን ወንድም ከፖስተርና ከስክሪን ውጪ አያየውም፤ መኖሩን እንኳ እርግጠኛ መሆን አይችልም። በዚህ ሚዛን «አፈርሳታ» ዲስቶፒያ አይደለም። ጥሬ ዕቃው ግን አንድ ነው፤ ለአንድ አንባቢ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ነገሩን እዚህ ላይ ብተወው ግን ባህሉን ያለ አግባብ አሞካሽቼው መሄዴ ነው። ሣሩ ላይ እኩል የተቀመጡት እነማን ናቸው? ሴቶች ነበሩበት? በዕደ ጥበብ የሚተዳደሩት፣ ማዕድ የማይጋሯቸው ጎረቤቶችስ? ጉራጌ ይህን ጥያቄ ከደራስያን ቀድሞ በራሱ ታሪክ አንሥቶታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃቄ ውርድወት የተባለችው ሴት በጋብቻና በፍቺ ጉዳይ የሴቶችን እኩልነት ይዛ የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማለች፤ ታሪኳ ዛሬ ለቴአትር መድረክ ሁሉ በቅቷል። ሸንጎ ፊት ብቻዋን የቆመች ሴት፣ ከብዙ ምዕራባዊ ዲስቶፒያ ጀግና የበለጠ እውነተኛ ናት። «ለምን?» የሚለው ሰው ከውጭ የመጣ ገጸ ባሕርይ አለመሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የመንደሩ እንዲህ ከሆነ የመንግሥቱ ደግሞ አለ። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን አሳተመ። ገና ማኅፀን ውስጥ ያለ ፅንስ እንዲህ ባለ ዓለም ላይ አልወጣም ብሎ ይሟገታል። ሐሳቡን ቆም ብላችሁ አስቡት። የዛምያቲን ሰዎች ከመስታወቱ ከተማ ማምለጥ የሚያስቡት ከገቡበት በኋላ ነው፤ የአቤ ጉበኛ ፅንስ በሩ ላይ ቆሞ መግባቱን ራሱ ይከራከራል። ከዚህ የከረረ አመፅ በየትኛውም ቋንቋ ማግኘት ያስቸግራል። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ታገደ። «እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ የለም» ለሚለው ወጣት የምሰጠው አጭሩ መልስ ይህ ነው፤ አለ፣ ግን አንባቢ እጅ እንዳይደርስ ተከልክሎ ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም እንዲሁ። በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ ስለ ነገ የተጻፈ አልነበረም፤ ከአንድ ዓመት በፊት ደርግ ኤርትራ ውስጥ ስላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነበር። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ ለዘመቻው ፕሮፓጋንዳ አሥመራ ይላካል። ዊንስተን ስሚዝም ሥራው የድሮ ጋዜጣ መደለዝ ነው። ሁለቱም ደመወዝ የሚከፈላቸው እውነትን በልክ ለመስፋት ነው። ዊንስተን ግን በወረቀት ላይ ብቻ የኖረ ሰው ነው፤ የ«ኦሮማይ» ደራሲ ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱ ከሥራው ተባረረ፣ የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ኦርዌል የጻፈውን እዚህ አንድ ሰው ኖሮታል።

«እንግዲያው የሚያስለቅስ ነገር ሁሉ ዲስቶፒያ ሊባል ነው» የሚል ሌላ ተቃውሞ ይኖራል። አይባልም። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የአማርኛ ልብ ወለድ ቁንጮ ሆኖ ቢቆይም ዲስቶፒያ ልበለው ብል ራሴን እታዘባለሁ። የፊታውራሪ መሸሻ ዓለም ግፍ ሞልቶበታል፤ ያው ዓለም ግን ይስቃል፣ ይሳሳታል፣ ይሸነፋልም። ፊታውራሪው ባላገሩ ላይ አላግባብ ግብር ሲጥሉ አበጀ በለው ተነሥቶ ይማርካቸዋል። ታላቁ ወንድም ተማርኮ አያውቅም። ከዲስቶፒያ ጋር በሥጋ የሚዛመደው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጉዱ ካሣ። ያረጀውን ሥርዓት ይፈርሳል ብሎ የሚናገረውን ሰው አገሬው ዕብድ ብሎ ዝም ያሰኘዋል። ማሰር አላስፈለገም፤ ቅጽል ስም በቂ ነበር። ዛምያቲንም ሆነ ኦርዌል ለዚህ ሥራ ሐኪምና ወህኒ ቤት አስፈልጓቸዋል። እኔ በበኩሌ የሀዲስን ዘዴ የበለጠ እፈራዋለሁ፤ ዛሬም ይሠራልና።

ታዲያ ይህን ሁሉ የያዘ መጽሐፍ ለምን ይሰለቻል? መልሱ ያለው መጽሐፉ ውስጥ አይመስለኝም። በክፍል ውስጥ ነባር ድርሰት ሲነሣ ጥያቄው «የደራሲው መልእክት ምንድን ነው? ዋና ገጸ ባሕርይ ማን ነው?» የሚል ነው። መልሱ ቀድሞ ይታወቃል፤ ተማሪው የሚጠበቅበት ማስታወስ ነው። ጉዱ ካሣ ተሳስቷል ወይ? የፊታውራሪው ልጅ ሰብለ ወንጌል ቀድማ መጥፋት አልነበረባትም ወይ? ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። የውጭውን መጽሐፍ ግን ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይፈትነው ያነባል፤ ጨርሶ ከጓደኛው ጋር ይከራከርበታል። ልዩነቱ የቋንቋ ወይም የዘመን ከመሆኑ በፊት የነጻነት ነው። «ያልበሰለ ልጅ አስተያየት ምን ይጠቅማል?» ለሚል ሰው አንድ ነገር ልበል። የ16 ዓመት ልጅ ስለ ሀዲስ ዓለማየሁ የሚለው ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ በ30 ዓመቱ ሊያፍርበትም ይችላል። ግን ተሳስቶ የተከራከረበትን መጽሐፍ ተመልሶ ይከፍተዋል፤ አጥንቶ ያለፈውን መጽሐፍ አይከፍተውም። «አሰልቺ ነው» የሚለውንም ከነምክንያቱ እንዲናገር ማድረግ ይሻላል። ርዝመቱ ነው? የቤተ ክህነት ቃላቱ? ወይስ መጨረሻውን ቀድሞ ስለሰማው? ሦስቱም የተለያዩ ቅሬታዎች ናቸው፤ ሦስቱም መድኃኒት አላቸው።

ከመድኃኒቶቹ አንዱን አገራችን ቀድሞ አግኝታው ነበር። ብዙ ኢትዮጵያዊ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያወቀው በዓይኑ አይደለም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው በጆሮው ነው። ማንበብ የማይችለውም ባላገር የመጽሐፉን ጀግና በዛብህን እንደ ዘመዱ አለቀሰለት። ብራድበሪ መጽሐፍ በተቃጠለበት አገር ሰዎች መጻሕፍትን በቃላቸው ይዘው ሲዞሩ ይስላል፤ እኛ ሳይቃጠልብን አድርገነዋል። ዛሬ ትረካው ቴሌግራምና ዩቲዩብ ላይ ነው፤ ወጣቱም እዚያው ነው።

ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ውስጥ የንባብ ክበብ ያለው መምህር አንድ ሙከራ ቢያደርግ ደስ ይለኛል። «1984»ንና «አፈርሳታ»ን በአንድ ወር ያስነብብ፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ስላሉ ተማሪው ቋንቋውንም ያሠለጥንበታል። ከዚያ ስለ ጭብጥ አይጠይቅ። ይልቅ ይህን ይጠይቅ፦ ሜዳው ላይ ተሰብስባችኋል፤ ጎጆውን ያቃጠለው የአጎታችሁ ልጅ መሆኑን አይታችኋል፤ ካልተናገራችሁ እናታችሁም መዋጮ ታወጣለች፤ ተራው የናንተ ነው፣ ተነሡና ማሉ። አንዱ እናገራለሁ ይላል፣ ሌላው ዘመዴን አልሰጥም ይላል፣ አንዷ ደግሞ ሴት ስለሆንኩ መጀመሪያውኑ ማን ጠየቀኝ ትላለች። ክፍሉ ሲንጫጫ መምህሩ ዝም ብሎ ይስማ።