ዶፓሚን የራሱን ልቀት የሚገታበት መንገድ፦ የዲ2 ተቀባዮች ሚና

ዶፓሚን የሰውነት እንቅስቃሴን፣ ተነሳሽነትንና የመማር ሂደትን ከሚመሩ የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎች አንዱ ነው። አምስቱ ተቀባዮቹ በሁለት ቤተሰብ ይመደባሉ፤ ዲ1 እና ዲ5 በአንድ ወገን፣ ዲ2፣ ዲ3 እና ዲ4 በሌላ ወገን። ተቀባይ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው መልእክቱ በሚደርስበት ሕዋስ ላይ ያለው ፕሮቲን ነው። ይሁንና የዲ2 ተቀባዮች ዶፓሚንን በሚለቀው ሕዋስ ላይም ይገኛሉ፤ እነዚህም ራስ-ተቀባዮች ይባላሉ።

ራስ-ተቀባዮች ልቀትን በሦስት መንገድ ይገታሉ። አንደኛ፣ በነርቭ ጫፍ ዙሪያ ዶፓሚን ሲበዛ በቮልቴጅ የሚከፈቱ የካልሲየም ቦዮችን ሥራ ይቀንሳሉ፤ ዶፓሚን ከከረጢቶቹ የሚለቀቀው ካልሲየም ሲገባ በመሆኑ ልቀቱ ያንሳል። ሁለተኛ፣ በመካከለኛው አንጎል ባለው የሕዋሱ አካል ላይ የፖታሲየም ቦዮችን በመክፈት የኤሌክትሪክ ምቱን ያዘገያሉ። ሦስተኛ፣ የሳይክሊክ ኤኤምፒን መጠን በመቀነስ ለዶፓሚን ምርት ወሳኝ የሆነውን ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ የተባለ ኢንዛይም ያዳክማሉ።

የዲ2 ተጽዕኖ በዶፓሚን ብቻ አይወሰንም። በስትሪያተም አሴቲልኮሊን በሚለቁ ሕዋሳት ላይም ስለሚገኝ የዚህን ኬሚካል ልቀት ይቀንሳል።

የዚህ ዕውቀት ፋይዳ በሕክምና ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1963 አርቪድ ካርልሰንና ማርጊት ሊንድክቪስት፣ ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል በተሰጣቸው አይጦች አንጎል ውስጥ ከዶፓሚን የሚገኘው 3-ሜቶክሲታይራሚን እንደሚጨምር አሳዩ። መድኃኒቶቹ ተቀባዮችን ሲዘጉ ነርቮቹ ጉድለቱን ለማካካስ ሥራቸውን ያበዛሉ የሚል ማብራሪያም ሰጡ። ራስ-ተቀባዮች ከታወቁ በኋላ የጭማሪው አንዱ ምክንያት ግልጽ ሆኗል፤ መድኃኒቱ መልእክቱን ብቻ ሳይሆን የልቀቱን ልጓምም ይዘጋል። አሴቲልኮሊንም ከቁጥጥር ሲላቀቅ በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ የጡንቻ ግትርነትና መንቀጥቀጥ እንዲከሰት አስተዋጽኦ ያደርጋል። ትራይሄክሲፌኒዲልን የመሰሉ የአሴቲልኮሊን ተቃራኒ መድኃኒቶች የሚታዘዙትም ስለዚህ ነው።

በተቃራኒው፣ ተቀባዩን የሚያነቃቃው አፖሞርፊን በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ የአይጦችን እንቅስቃሴ ይቀንሳል፤ በከፍተኛ መጠን ግን ይጨምራል። የመጀመሪያው ውጤት በአብዛኛው ከራስ-ተቀባዮች ጋር ይያያዛል።

እንግዲህ በሙከራ የተለካ የዶፓሚን ጭማሪ በራሱ የመልእክቱን መጠንከር አያረጋግጥም። የዲ2 ተቀባይ በተዘጋበት ሁኔታ ልቀቱ እየጨመረ መልእክቱ ሊዳከም ይችላል። ስለሆነም የልቀት ልኬት መተርጎም ያለበት ተቀባዩ የሚገኝበት ሕዋስና የመድኃኒቱ መጠን አብረው ሲታዩ ነው።