የአማርኛ ጽሑፍ ማጽዳት

የአማርኛ ጽሑፍ ማጽዳት ማለት በኮምፒውተር የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ በሌላ ኮምፒውተር ላይም እንዲነበብና ቃል እንዲፈለግበት የፊደል ኮዱን፣ ሥርዓተ ነጥቡንና ክፍተቱን ማስተካከል ነው። ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት መሣሪያዎች አብዛኞቹ በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚመጡ የቁልፍ አቋራጮች ናቸው። ይሁን እንጂ የሥራው ቅደም ተከተል ከተዛባ ማጽዳቱ ራሱ ጽሑፉን ሊያበላሸው ይችላል።

የችግሩ መነሻ

ቀደም ባሉት ኮምፒውተሮች አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ምልክቶችን ነበር። የአማርኛ ፊደል ከነዲቃላዎቹ፣ ከቁጥሮቹና ከነጥቦቹ ጋር ከዚህ በላይ ቦታ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት የፎንት ሠሪዎች የአማርኛን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ያስቀምጡ ነበር። አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት አካፈሉት፤ ሌሎቹ ደግሞ እንደ አማርኛ የጽሕፈት መኪና ቅጥያ ምልክት እየጨመሩ ቅርጹን ገጣጠሙት። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች በሰፊው ከታወቁት ፕሮግራሞች መካከል ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ይገኙበታል።

በአዲስ አበባ ማመልከቻ፣ ውል፣ የጥሪ ካርድና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች የቆየ ሥራ ነው። እንዲህ ባለ ቤት በአንድ ፎንት የተጻፈ ፋይል ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው። በወረቀት የታተመው ቅጂ ይነበባል፤ ፋይሉ ግን ያለ ፎንቱ አይነበብም።

ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ፎንት ቢለወጥም ፊደሉ ራሱ አይለወጥም። በቀድሞው መንገድ የተጻፉ ፋይሎች ግን በራሳቸው ወደ ዩኒኮድ አልተቀየሩም።

አሮጌ ፋይልን መለየት

ፋይሉ ዩኒኮድ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጎ ኖትፓድ ላይ መለጠፍ ይበቃል። አማርኛው እንዳለ ከታየ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ላቲን ፊደላት ከተለወጠ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪ ቁልፎችን አንድ ላይ መጫን በብዙ ፕሮግራሞች ጽሑፍን ያለ ቀለሙ፣ ያለ መጠኑና ያለ ፎንቱ ይለጥፋል። ለዩኒኮድ ጽሑፍ ይህ ከሁሉ የፈጠነ የማጽጃ አቋራጭ ነው። በአሮጌ ፎንት ለተጻፈ ሰነድ ግን ጎጂ ነው፤ ምክንያቱም የትኛው ክፍል አማርኛ፣ የትኛው እንግሊዝኛ እንደሆነ የሚያመለክተው የፎንቱ ስም ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፎንትም የራሱ የኮድ ሰንጠረዥ ስላለው ስሙ ከጠፋ በየትኛው ሰንጠረዥ እንደሚመለስ ማወቅ ያስቸግራል። ስለዚህ አስቀድሞ ለፎንቱ በተሠራ መለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መቀየር፣ ቀለምና መጠን ማስወገዱን ከዚያ በኋላ ማስከተል ያሻል።

ነጥቦችና ክፍተቶች

በዩኒኮድ በተጻፉ ሰነዶችም በብዛት የሚገኘው ስህተት አራት ነጥብን (።) በሁለት ሁለት ነጥቦች (፡፡) መተካት ነው። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ምልክቶች ስለሆኑ ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ አይለይም። ለማስተካከል በወርድ ወይም በኖትፓድ ኮንትሮልና ኤች ተጭኖ ፈልጎ የመተኪያውን ሳጥን መክፈት ይቻላል። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው፦

1. በመጀመሪያ ፡፡ በ። ይተካል።
2. በቃላት መካከል የቀረው ፡ የማይፈለግ ከሆነ በባዶ ቦታ ይተካል።
3. በመጨረሻ ሁለት ባዶ ቦታ በአንድ ይተካል፤ ምንም የሚተካ እስኪጠፋ ድረስም ይደገማል።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከቀደመ የዓረፍተ ነገሩ ማብቂያዎች በሙሉ ይጠፋሉ። በላቲን ነጥብ (:) የተጻፈ ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ጥንዶቹ (::) ብቻ መተካት አለባቸው፤ ነጠላው እንደ 2:30 ባለ የሰዓት አጻጻፍ ውስጥም ይገኛል።

የአማርኛ ኪቦርድ በሌለበት ኮምፒውተር ወርድ ላይ 1362 ጽፎ አልትና ኤክስ መጫን አራት ነጥብን ያስገኛል፤ 1361 ደግሞ ሁለት ነጥብን ይሰጣል።

ሞክሼ ፊደላትና ፍለጋ

በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ሞክሼ ይባላሉ። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በጸ ወይም በፀ፣ መካከሉም በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊጻፍ ስለሚችል 12 አጻጻፍ አለው። «ዓለምፀሐይ» የሚለው ስም አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ ሲጨመሩበት 48 ይደርሳል። ስሟ በአንደኛው አጻጻፍ የተመዘገበ ሰው በሌላው ሲፈለግ ኮምፒውተሩ «የለችም» ይላል፤ መዝገቡ ላይ ግን አለች።

ለዚህ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስና ሊብረ ኦፊስ «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን» የሚባል የፍለጋ ስልት አላቸው። በካሬ ቅንፍ ውስጥ የተዘረዘሩ ፊደላት «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ናቸው። በዚህ መሠረት

[አኣዐዓ]ለም[ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ

ብሎ መፈለግ 48ቱንም በአንድ ጊዜ ያገኛል። «ዓለም ፀሐይ» ተብሎ በሁለት ቃል የተጻፈውን ለማግኘት ግን ከ«ም» ቀጥሎ ባዶ ቦታ አስገብቶ ድጋሚ መፈለግ ያስፈልጋል።

የማጽዳት ገደብ

ሞክሼዎችን መፈለግና መተካት የተለያዩ ናቸው። በግዕዝ ሠረቀ «ወጣ» ማለት ሲሆን ሰረቀ ዛሬም እንደሚታወቀው «ሰረቀ» ነው፤ ሠዐለ ሥዕል መሣልን፣ ሰአለ ደግሞ መለመንን ያመለክታል። ሁሉንም ሠ በሰ የሚተካ ትእዛዝ ይህን ልዩነት ያጠፋዋል፤ ሰዎች የራሳቸውን ስም የሚጽፉበትን ፊደልም ይለውጥባቸዋል። አንዴ ከተተካና ከተቀመጠ በኋላ የትኛው ሰ ቀድሞ ሠ እንደነበረ ከፋይሉ ማወቅ አይቻልም። በዚህ ምክንያት ሞክሼን አንድ ማድረግ ለፍለጋ በተዘጋጀ ቅጂ ላይ ብቻ የሚሠራ ሲሆን የመጀመሪያው ፋይል ሳይነካ ይቀመጣል።