ሕመሟ ላልታወቀ ቡችላ የማምከን ቀዶ ሕክምና፤ ይደረግ ወይስ ይቆይ?

በአገራችን ወንድ እንስሳ ማኮላሸት የቆየ ሙያ ነው። ሰንጋውም ሙክቱም ከዚሁ ሙያ የተገኙ መሆናቸውን የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሴቲቱን ማምከን ግን ሌላ ሥራ ነው። ማደንዘዣ ተሰጥቷት፣ ሆዷ ተከፍቶ፣ ማኅፀኗና ዕንቁላል የሚያፈሩት እጢዎች ደም ሥራቸው ተቋጥሮ ይወጣሉ። ስለዚህ ስለ ወንዱ ባለን ልማድ ስለ ሴቲቱ ልንፈርድ አንችልም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ዛሬም ብዙ ሰው ናዝሬት በሚላት በአዳማ ከተማ አንድ ቤተ ሰብ የአምስት ወር ሴት ቡችላ አለችው እንበል። ቡችላዪቱ ከእኩዮቿ አንሳ ቀርታለች፤ አንድ ሰሞን ትበላለች፣ አንድ ሰሞን ትተዋለች፤ ድዷም ነጣ ብሏል። አንዱ ሐኪም የትል መድኃኒት ሰጥቷታል፣ ሌላው ቫይታሚን ወግቷታል፤ የሕመሟ ምክንያት ግን አልታወቀም። ጎረቤት ደግሞ «ሳትወልድ አስመክኗት» ይላል።

ጎረቤቱ ያለ ነገር አልተናገረም። ሴት ውሻ የመጀመሪያው የስሪያ ወቅቷ ከስድስት ወር ጀምሮ ሊመጣ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ የሰፈር ወንድ ውሻ ሁሉ በሩ ላይ ይሰበሰባል፣ ይናከሳል። እርግዝናው 63 ቀን ያህል ነው፤ ለደከመ ሰውነት ከቀዶ ሕክምና የማያንስ ሸክም ነው። የሚወለዱትም ቡችሎች ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ይጣላሉ። በ1903 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ ታላቅ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ እንደ ነበረ ተመዝግቧል፤ በሽታውም እስከ ዛሬ ከአገራችን አልጠፋም። ሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ሞት 99 ከመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ማምከን ብቻውን ይህን በሽታ አያቆምም፤ የሚያቆመው ክትባት ነው፤ ሆኖም መከተብ ያለባቸውን ውሾች ቁጥር ያሳንሳል።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ይኸው በሽታ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ያላት፣ ያልተከተበችም ቡችላ በድንገት ጠባይዋ ከተለወጠ፣ ለሃጭ ካዝረከረከች ወይም መዋጥ ካቃታት፣ አፏን ከፍቶ ድዷን የሚያይ ሰው በሕይወቱ እየቆመረ ነው። ምልክቱ የታየበት ውሻ ግን በአብዛኛው ከ10 ቀን በላይ ስለማይቆይ፣ ለወራት የታመመችው ቡችላችን ከዚህ ጥርጣሬ ትወጣለች።

ቀጥሎ አገሩን መመልከት ያሻል። የስምጥ ሸለቆ ቆላማነት ለቡናማው የውሻ መዥገር ይስማማዋል፤ መዥገሩ በቤት ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ሳይቀር ይራባል። ይህ መዥገር የሚያስተላልፈው ኤርሊኪያ የተባለ ተሕዋስ ደም እንዲረጋ የሚረዱትን ፕሌትሌቶች ይቀንሳል። ከላይ ሲያዩት ውሻዪቱ የከሳች ብቻ ትመስላለች፤ ቢላዋ ሲነካት ግን ደሟ አልቆም ይላል። በዶክሲሳይክሊን አራት ሳምንት ያህል የሚታከም ነገር በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ሕይወት ያጠፋል ማለት ነው። የመንጠቆ ትልም ከእናት ጡት ወደ ቡችላ ተላልፎ ደሟን ይመጣል። ጥርሷም ይታይ፤ ቡናማና የተቦረቦረ ከሆነ ምክንያቱ ዲስቴምፐር የተባለው የቡችላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ግን በወንጂና በአካባቢዋ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሰውን ጥርስ እንዴት እንዳበላሸ ስለሚታወቅ፣ ወደ ፍርድ ከመቸኮል በፊት ውሃው ከየት እንደሚቀዳ መጠየቅ ይገባል። ፍሎራይድ ያበላሸው ጥርስ ቀዶ ሕክምናን አይከለክልም።

ከሁሉ የሚሰወረው የጉበት ነገር ነው። አንዳንድ ቡችላ ከአንጀት የሚመጣውን ደም ጉበትን አሳልፎ የሚወስድ የደም ሥር ይዛ ትወለዳለች። እንዲህ ያለችው አታድግም፤ በተለይ ሥጋ ከበላች በኋላ ትፈዛለች፣ አንዳንዴም ያንቀጠቅጣታል። አያሌ የማደንዘዣ መድኃኒቶች የሚጣሩት በጉበት ስለሆነ ከእንቅልፏ ላትነቃ ትችላለች።

ታዲያ ማቆየት ምን ያስቀራል? የማምከን ትልቁ ጥቅም ማኅፀን መግል እንዳይቋጥር መከላከሉ ነው። በስዊድን ኢንሹራንስ የተገባላቸው ውሾች ሲጠኑ ካልመከኑት ሩብ ያህሉ እስከ 10 ዓመት ዕድሜያቸው በዚህ ተይዘው ተገኝተዋል። ይህ ግን በአብዛኛው የጎልማሳ ውሻ በሽታ ነው። ከመጀመሪያው የስሪያ ወቅት በፊት ማምከን የጡት ዕጢን እጅግ እንደሚቀንስ በ1969 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አመልክቶ ነበር፤ በ2012 የወጣው ግምገማ ግን ማስረጃው ደካማ መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ ለምርመራና ለሕክምና ሁለትና ሦስት ወር ብትቆይ የሚጎድልባት ጥቂት ነው እንላለን።

ምርመራው ከአቅም በላይ አይደለም። የደም መጠኗ፣ የፕሌትሌቷ ቁጥር፣ የዓይነ ምድሯ ምርመራ፣ ሲቻልም የጉበትና የኩላሊቷ ሁኔታ መታወቅ አለበት። ፕሌትሌቷ በማይክሮሊትር ከ50,000 በታች ከሆነ ሆዷ አይከፈት። ከአዳማ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቢሾፍቱ በ1979 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው።

አንዳንድ ሰው በዚህ መካከል ለሴቶች የሚሰጠውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ለውሻም ያስወጋል። ይህን አንደግፍም፤ የምንሸሸውን የማኅፀን መግልና የጡት ዕጢ የሚጠራ መድኃኒት ነው። የስሪያው ወቅት ቢመጣ ሦስት ሳምንት ያህል ቤት መዝጋት ይሻላል፤ በዚያ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ማድረግም ደሙን ያበዛዋል።

ከጓደኞቻችን ጋር የተከራከርነው በመጨረሻው ነጥብ ነው። ሁሉ ተመርምሮ የሕመሟ ምክንያት ባይገኝስ? ግማሾቹ ፈጽሞ አትነካ አሉ። እኛ ግን አጥሩን እናያለን። ግቢው የታጠረ፣ ጠባቂም ያለው ከሆነ ትቆይ፤ በየወሩም ትመዘን። ቤቱ ገበያ ዳር ሆኖ በር የማይዘጋበት ከሆነ ግን፣ ደሟ ከተስተካከለ፣ ለጥቂት ሳምንታትም ሳታቋርጥ ከበላችና ክብደት ከጨመረች፣ የሕመሟ ስም ባይታወቅም በደም ሥሯ ግሉኮስ እየተሰጣት ቀዶ ሕክምናው ይደረግላት እንላለን።