ለጉልበት ቀዶ ጥገና የጆሮ ጉትቻ ምን አገባው?

እኚህ እናት ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል። የሚኖሩት እዚህ አሜሪካ፣ ከሴት ልጃቸው ጋር ነው። ቆመው ማስቀደስ ካቃታቸው በኋላ ሐኪሞች የቀኝ ጉልበታቸው መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ እንዲተካ ወሰኑ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ነርሷ «አለርጂ አለብዎት ወይ?» ብላ ጠየቀች፤ ልጃቸው አስተረጎመች፤ እሳቸውም «ተመስገን፣ ምንም የለብኝ» ሲሉ መለሱ።

አልዋሹም። ለእሳቸው አለርጂ ማለት መርፌ ወይም ምግብ የማይስማማው ሰው በሽታ ነው። ነገር ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ጆሮአቸው ከወርቅ በቀር ሌላ ጌጥ አይቀበልም። ርካሽ ጉትቻ ባደረጉ በማግስቱ ጆሮአቸው ያሳክካል፣ ይቆስላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ጉትቻ ከጉልበት ጋር ምን ያገናኘዋል ብለው ይህን ያንሡት?

የሚያገናኘው ኒኬል የተባለው ማዕድን ነው። በርካሽ ጌጣጌጥ፣ በሰዓት ማሰሪያና በጂንስ ሱሪ ቁልፍ ውስጥ ይገኛል። ከመቶ ሰዎች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት የኒኬል አለርጂ እንዳለባቸው ይገመታል፤ ጆሮ የመበሳት ልማድ ስላለ ሴቶች ይበዛሉ። ከብረቱ የሚለቀቁ ደቃቅ ቅንጣቶች ከሰውነት ፕሮቲን ጋር ሲጣበቁ፣ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት እንደ ባዕድ ጠላት ቆጥረው ይነሡባቸዋል።

በብዛት የሚሠራበት ሰው ሠራሽ ጉልበት ከኮባልትና ክሮሚየም ቅይጥ የሚሠራ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ኒኬል አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። በአንጻሩ የተሰበረ አጥንት የሚታሰርበት የማይዝግ ብረት ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ ኒኬል ነው። አገር ቤት በመኪና አደጋ እግሩ ተሰብሮ ብረት የገባለት ወገናችን ብዙ ነው። ይሁንና አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ያ ብረት ችግር ካመጣ ሊወጣ ይችላል። መገጣጠሚያ ግን ዕድሜ ልክ የሚኖር ነው።

ወደ እናታችን እንመለስ። ከቀዶ ጥገናው አምስት ሳምንት በኋላ ጉልበታቸው አበጠ፣ ቆዳው ቀላ፣ ያቃጥላቸው ጀመር። ይኼኔ የጉትቻው ነገር ትዝ አላቸው። ልጅቱ ኢንተርኔት ከፈተች፤ ዲፑይ የተባለው ኩባንያ በነሐሴ 2010 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በዓለም ዙሪያ 93 ሺህ ያህል ሰዎች የገባላቸውን የዳሌ ብረት ከገበያ መሰብሰቡን አነበበች። «ብረቱ ነው የሚበላቸው» ብላ ደመደመች። (ያ ዳሌ ብረት ከብረት ጋር የሚፋተግበት፣ ብናኙ ሥጋ የሚጎዳ ሥራ ነበር፤ በዛሬው ጉልበት ግን በብረቶቹ መካከል ፕላስቲክ አለ።) ቅባት እየቀቡ አሥር ቀን ቆዩ።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ከመገጣጠሚያው ውስጥ ፈሳሽ ተቀድቶ ተመረመረ። ኢንፌክሽን ነበር! ጉልበቱ እንደገና ተከፍቶ ታጠበ፤ ለሳምንታት ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት ወሰዱ። ሐኪሙ «ጥቂት ብትቆዩ ኖሮ ብረቱን ማውጣት ግድ ይሆንብን ነበር» አላቸው። ያ የተጠረጠረው ብረት ዛሬም እግራቸው ውስጥ አለ፤ እሳቸውም ቆመው ያስቀድሳሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ጌጥ፣ ሰዓት ወይም የቀበቶ ዘለበት ቆዳዎን የሚያሳክክ ከሆነ ባይጠየቁም ከቀዶ ጥገናው በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ። ሐኪሙ ካመነበት የቆዳ ምርመራ ይታዘዛል፤ ኒኬልና ሌሎች ብረቶች የተቀቡ ትናንሽ ፕላስተሮች ጀርባ ላይ ለሁለት ቀን ተለጥፈው ይቆዩና ውጤቱ ይነበባል። ምርመራው አለርጂ አለ ቢልም ጉልበቱ ይበላሻል ማለት አይደለም፤ አለርጂ እያለባቸው ያለ ችግር የሚኖሩ ብዙ ናቸው። የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ ከቲታኒየም ወይም ከዚርኮኒየም የተሠራ ሌላ ዓይነት መምረጥ ይቻላል። እዚህ አሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት፣ ይህን ሸክም ለልጆቻችን አንተው።

ሁለተኛ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ጉልበት ሲያብጥና ሲያቃጥል አለርጂ የመጨረሻው ጥርጣሬ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። በቅድሚያ ኢንፌክሽን፣ ቀጥሎም የብረቱ መላላት ወይም ቦታውን መሳት መመርመር አለበት። የብረት አለርጂ ቀን ይሰጣል፤ ኢንፌክሽን ግን አይሰጥም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይኸው ነው።